የጠመንጃ መነጽሬ ሌንስ ሽፋን፦ ከወራት በኋላ ምን ቀረ?

ስለ ጠመንጃ መነጽር ሲወራ ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው። እኔ ግን የማወራው ሌንሱ ላይ ስላለው ሽፋን ነው። መነጽሬ ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያቀርባል፤ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊሜትር ነው። የምጠቀምበት ለዒላማ ተኩስ ነው። ፀሐይ፣ አቧራና ዝናብ ተፈራርቀውበታል።

ሽፋኑ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከሥር ነጸብራቅ የሚቀንሱ ስስ ንብርብሮች አሉ። ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን መልሶ ይወረውራል። ትንሽ ይመስላል። ግን መነጽሩ ውስጥ የተደረደረው ሌንስ ብዙ ነው፤ ብርሃኑ 10 ገጽ ካለፈ ሲሶው መንገድ ላይ ይቀራል። ጥሩ ባለብዙ ንብርብር ሽፋን በየገጹ የሚባክነውን ከ1 በመቶ በታች ያወርደዋል። ከዚያ በላይ ጭረት የሚቋቋም ጠንካራ ሽፋን አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃና ቅባት እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ይመጣል።

ቀድሞ የደከመው ይሄ የመጨረሻው ነው። የሚገርመው ደግሞ ሁሉም የሚሳሳለት የፊቱ ሌንስ ደህና መሆኑ ነው። እዚያ የዝናብ ጠብታ አሁንም ክብ ሆኖ ይቆማል፤ ዘንበል ሲያደርጉት ተንከባሎ ይወርዳል። በዓይን በኩል ያለው ላይ ግን ጠብታው ተዘርግቶ ይለጠፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሽፋሽፍት ቅባት፣ ላብና የፀሐይ መከላከያ ክሬም የሚነካው እሱን ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይጠረጋል፤ በተጠረገ ቁጥር ደግሞ ይሳሳል።

የሥረኞቹ ንብርብሮች ግን አላሳፈሩኝም። አምፖል ሥር ይዤ ዘንበል ሳደርገው ነጸብራቁ ደብዛዛ አረንጓዴና ሐምራዊ ነው። ሽፋኑ የተላጠበት ቦታ ቢኖር ኖሮ ቦግ ያለ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። የለም። በዓይን በኩል ጠርዙ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ጥቂት ጭረቶች አሉ። ሲያነጣጥሩ ግን ጭራሽ አይታዩም። ከጭረቱ ይልቅ የሚጎዳው የቅባት ጭጋግ ነው፤ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከፊት ስትመጣ ዒላማው ይነጣል።

አንድ ነገር ግን አበሳጭቶኛል። ካርቶኑ ላይ «ፈጽሞ አይጫርም» የሚል ተጽፏል። ይሄ ልክ አይደለም። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከአብዛኛው የሌንስ መስታወት ይጠነክራል። አቧራ የያዘ ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ ማሸት በአሸዋ ወረቀት እንደመፈግፈግ ነው። እኔ መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን አባርራለሁ። ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ። ፈሳሹን ሌንሱ ላይ ሳይሆን ማይክሮፋይበር ጨርቁ ላይ አደርግና ከመሀል ወደ ዳር እጠርጋለሁ። አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ አላስጠጋም። አፈሙዝ ሲጸዳም የሌንሱ ክዳን ይዘጋል፤ የመሣሪያ ዘይት ብናኝ ሌንስ ላይ ካረፈ በቀላሉ አይለቅም።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ሌላ ነገር አለ። ውሃ የማያስይዘው ሽፋን የትንፋሽ ጉም አያስቀርም። የውስጡን ጉም የሚከለክለው ደግሞ የታሸገው ናይትሮጅንና የጎማ ማሸጊያው ነው።

ለሚገዛ ሰው፦ «ባለሽፋን» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ገጽ ላይ አንድ ንብርብር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ገጾች በብዙ ንብርብር የተሸፈኑ መሆናቸውን ይጠይቁ። እነዚህ ንብርብሮች አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ከተላጡ ቤት ውስጥ ተቀብቶ የሚመልሳቸው ነገር የለም።