ለአዛውንቶች ጥርስ፦ የወይራ መፋቂያ ወይስ ብሩሽ?

አያቴ የወይራ መፋቂያቸውን ጫፍ አኝከው እንደ ቃጫ ካፍታቱ በኋላ የፊት ጥርሳቸውን አጥርተው ይፍቁበታል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ውኃም አይፈልግም። ይሁን እንጂ ቀጥ ያለው እንጨት ከመንጋጋ ጥርሶች ጀርባ በቀላሉ አይደርስም፤ በእርጅና ድዱ ሲሸሽ የሚጋለጠው የጥርስ ሥር ደግሞ እንደ ላይኛው ክፍል ኢናሜል በሚባለው ጠንካራ የጥርስ ሽፋን ስላልተሸፈነ፣ በኃይል ሲፋቅ ይሸረሸራል፣ ቶሎም ይቦረቦራል።

ለስላሳ ብሩሽ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ፍሎራይድ የተባለ ጥርስ አጠንካሪ ማዕድን ካለው የጥርስ ሳሙና ጋር በቀን 2 ጊዜ ሲሠራበት ይህንኑ ሥር ከመቦርቦር ይከላከላል፤ ጣቶቻቸው በቁርጥማት ለደከሙባቸውም እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር ይቻላል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ብሩሹን አስቀድማለሁ፤ መፋቂያው በቀስታ እስከተፋቀ ድረስ ለቀኑ ይቆይላቸው።