ናኖፋይበር እንደ አተም መያዣ፦ የመሣሪያ ግምገማ

አተሞችን ከብርሃን ጋር አገናኝተው ለኳንተም ቴክኖሎጂ (የአተምንና የብርሃንን ረቂቅ ጠባይ ለሚጠቀም ቴክኖሎጂ) ማዋል ለሚሹ ቤተ ሙከራዎች፣ ተራ የመስታወት ፋይበር በነበልባል ሞቆና ተስቦ ውፍረቱ 500 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ሲደርስ የሚገኘው ናኖፋይበር በእኔ ግምት የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባዋል። ፋይበሩ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ስለሚቀጥን፣ የብርሃኑ ከፊል ከመስታወቱ ውጭ እየተጓዘ አጠገቡ ያሉትን አተሞች ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን ማይንዝ የነበሩ ተመራማሪዎች በቀለም የሚለያዩ ሁለት ሌዘሮችን፣ አንዱ እንዲስብ ሌላው እንዲገፋ አድርገው፣ የሲዚየም አተሞችን ከፋይበሩ ገጽ ከ200 ናኖሜትር ብዙም በማይበልጥ ርቀት ላይ መያዛቸው እጅግ የሚያስደንቅ ሥራ ነው።

ትልቁ ብልጫው አተሞቹ የሚሰጡት ብርሃን ያለ ተጨማሪ ሌንስ በቀጥታ ወደ መደበኛው ፋይበር መግባቱ ነው። ጉድለቱም ቀላል አይደለም፤ ጥቂት አቧራ ካረፈበት ብርሃኑን ይበትናል፣ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥም ሙቀቱን ማስወጣት ስለሚቸግረው ጠንካራ ሌዘር ሊበጥሰው ይችላል።

አንድን አተም ከአንድ ፎቶን (ከብርሃን ትንሹ ቅንጣት) ጋር በብርቱ ማስተሳሰር የሚፈልግ ቡድን ግን፣ አሠራሩ እጅግ አድካሚ ቢሆንም፣ የሃርቫርድና የኤምአይቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ነጠላ የሩቢዲየም አተምን በሌዘር መቆንጠጫ (አተምን አጥብቆ በሚይዝ ጠባብ የሌዘር ጨረር) ያስጠጉለትን የፎቶኒክ ክሪስታል ካቪቲ፣ ማለትም ብርሃንን በደቃቅ ቀዳዳዎች ረድፍ መካከል አፍኖ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ቢመርጥ ይሻለዋል።