«እንደ ጀርመኑ» የተባለውን ካምፐር ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ለአስጎብኚነት ሥራም ሆነ ለቤተሰብ ካምፐር ለመግዛት የምታስቡ፣ እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጋራዥ አሮጌ ሃይኤስ ሚኒባሶችን ወደ መኝታ መኪና እየቀየረ በደላላ ይሸጣል። ስም አልጠራም። አሁን ገበያ ላይ ያለው ነጭ ነው፣ ወንበሩ ቡናማ ሌዘር፣ ጣሪያው ላይ ሮቶ የተጫነበት።

ላይ ላዩን ያምራል። አልጋው ይታጠፋል፣ ጠረጴዛው ይወጣል፣ መብራቱ ቀለም ይቀያይራል። ደላላው «እንደ ጀርመኑ ነው» እያለ ሲምል ነበር። የጀርመኑ እንኳ ሌላ ነው። ዌስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ለቮልስዋገን ሚኒባስ የሠራው ተነቃይ ዕቃ ነበር፤ ለሽርሽር ይገባል፣ የሥራ ቀን ሲመጣ ይወጣል። የትንሽ ካምፐር ብልሃቱ ቅለቱ ነው። እዚህ ግን ኮምፔንሳቶ የሚበቃበትን ቦታ ሁሉ በወፍራም ችፑድ ሞልተውታል።

እኔም ለዚህ መኪና ቀብድ ከፍዬ ነበር፤ ውላችን ቀሪው ገንዘብ ከሙከራ በኋላ እንዲከፈል ነበር። ለሙከራ ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ሮቶው 200 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ 200 ኪሎ ውሃ አናታችሁ ላይ ይዛችሁ ነው ያን ሁሉ ኩርባ የምትወርዱት። በየኩርባው መኪናው ይጋደማል። ታች ስንደርስ ፍሬኑ ተቃጥሎ ይሸታል። ስጠይቃቸው «ውሃውን አፍስሰህ ንዳ» አሉኝ። ታዲያ ሮቶው ለጌጥ ነው የተሰቀለው?

ዋናው ጉድ አልጋው ሥር ነው። ክዳኑን አንስቼ አየሁት። የጋዝ ሲሊንደሩ በጎኑ ተጋድሟል፤ የጋዝ ማስተላለፊያ ጎማው የተሰነጠቀበት ቦታ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። አጠገቡ ባትሪ አለ፣ ሽቦው የተላጠ፣ ፊውዝ የሚባል ነገር የለውም። የምናበስልበት ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ በመስኮት አይወጣም። ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ፣ ከመኝታው በተለየ ሳጥን መቀመጥ አለበት፤ ሳጥኑም ከታች ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ጋዝና የባትሪ ብልጭታ ከተገናኙ ምን እንደሚሆን ለማንም አይጠፋም።

ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሰው መስኮት ዘግቶ ምድጃውን ማሞቂያ ማድረጉ አይቀርም። ከሰል የሚገድለው በምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጋዝ ምድጃም አየር ሲያጥረው ያንኑ ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል። ይህ መኪና አንድም ቋሚ የአየር መግቢያ የለውም።

ፍሪጁና መብራቱ የሚሠሩት ሞተሩን በሚያስነሳው ባትሪ ነው። አድራችሁ ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። በደንብ የተሠራ ካምፐር ለቤቱ ሌላ ባትሪ አለው፤ ሞተሩ ሲነሳ ሁለቱም ይሞላሉ፣ ሲጠፋ ይለያያሉ።

ሊብሬውንም እዩት። አሁንም ሕዝብ ማመላለሻ ነው የሚለው። ለውጡ ሳይመዘገብ አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንስ ጋር የምትገቡበትን ንትርክ አስቡት።

መኪናውን አልወስድም ብዬ ቀብዴን ስጠይቅ «ነገ ና» ተጀመረ። በኋላ ሕግ መጥቀስ መጣ፦ «ውል ያፈረሰ ቀብዱን ያጣል።» ግማሹን ብቻ ነው የነገሩኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለውም ውሉን ቢተው እጥፍ ይመልሳል። የኔ ጉዳይ ገና በሽማግሌ ተይዟል። እናንተ ግን የግድ ከነሱ ጋር ከተዋዋላችሁ፣ ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» አታስብሉ፤ «ቅድሚያ ክፍያ፣ መኪናው የሙከራና የጋዝ ፍተሻ ካላለፈ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ» ብላችሁ አስጽፉ፣ ሁለት ምስክርም አስፈርሙ። ይህን አንፈርምም ካሏችሁ ብሩን ከኪሳችሁ አታውጡ።