ፋይሌን ሁለት ጊዜ ለመለሱልኝ የኅትመትና የፍሬም ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፌን በትልቅ መጠን አትመውና ፍሬም ሠርተው ላስረከቡኝ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ሥራ ያሰባችሁም ወደ እሳቸው እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለ ጠየቁኝ «ባለሙያው» እያልሁ እቀጥላለሁ። ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው «ሰው ሲበዛብኝ እቸኩላለሁ፣ ስቸኩል ደግሞ አበላሻለሁ» ነበር ያሉኝ።

ፎቶግራፉን ያነሣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ከፊት ጥላ ያጠላበት ሸለቆ፣ ከመሐል ጉም የተኛበት ሜዳ፣ ከኋላ እየራቁ ሲሄዱ እየደበዘዙ የሚመጡ ተራሮች፣ ከእነርሱም በላይ ከብርቱካንማ ወደ ሰማያዊ ቀስ በቀስ የሚለወጥ ሰማይ አለበት። በኮምፒውተሬ ላይ ባየሁት ቁጥር ስለሚያስደስተኝ ከአንድ ዓመት በፊት ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ወስጄ አሳትሜው ነበር። ይዤው የወጣሁት ግን ሌላ ፎቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሸለቆው ምንም የማይታይበት ጥቁር ሆኗል፣ ሰማዩም አንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሳይዋሐድ በደረጃ በደረጃ ተቆራርጧል። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በማተሚያ ቤቱ ላይ ስጭን ቆየሁ። ዛሬ ግን አብዛኛው ስሕተት የራሴ እንደነበረ አውቃለሁ፤ የእነርሱ ድርሻ የሰጠኋቸውን ፋይል አንድም ጥያቄ ሳያነሡ ማተማቸው ነው።

ባለሙያው ዘንድ የሄድሁት ይህንኑ የተበላሸ ኅትመት ጠቅልዬ ይዤ ነው። እኔ «በምን ያህል መጠን ይታተም?» ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው የጠየቁኝ «የት ነው የምትሰቅለው? ሰው ቆሞ የሚያየውስ ከምን ያህል ርቀት ነው?» ብለው ነበር። ቀጥለውም መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ማታ የሚበራው አምፖል ነጭ ይሁን ቢጫ ጠየቁኝ። በዕለቱ ጥያቄው የበዛ መስሎኝ ትንሽ ተሰላችቼ ነበር።

መልሱ ግን የሥራው መሠረት ሆኖ ተገኘ። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ይህም በወርዱ 6,000፣ በቁመቱ 4,000 ፒክስል ይሰጣል። ብዙዎቻችን እንደ ሕግ የያዝነውን «በአንድ ኢንች 300 ፒክስል» የሚለውን አባባል ብከተል ኖሮ ፎቶግራፌ ከ51 በ34 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊታተም አይችልም ነበር። እኔ የፈለግሁት 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በዚህ መጠን ደግሞ ለአንድ ኢንች የሚደርሰው ወደ 127 ፒክስል ብቻ ነው። ባለሙያው እንዳስረዱኝ 300 የሚለው ቁጥር የመጣው በእጅ ተይዞ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ለሚታይ ኅትመት ነው፤ ዓይን ከዚያ በራቀ ቁጥር ጥቃቅኑን የመለየት ዐቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጤናማ ዓይን ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ ከ87 ያህል በላይ ፒክስል ለይቶ አያይም። የእኔ ፎቶ የሚሰቀለው ሰው ከሁለት ሜትር በማይቀርብበት ግድግዳ ላይ ስለሆነ 127 ከበቂ በላይ ነበር። ስለዚህ ፋይሉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማሳደግ ያቀረብሁትን ሐሳብ አልተቀበሉትም። ምክንያታቸውን በራሴው ፎቶ ላይ አሳዩኝ፤ ፕሮግራሙ ከሸለቆው ሣርና ቅጠል ላይ በቦታው ያልነበረ፣ እንደ ተሸመነ ጨርቅ የሚደጋገም ቅርጽ ፈጥሮ ነበር።

ፋይሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰልኝ በዚሁ ቀን ነው። ይዤ የሄድሁት ጄፔግ (ቦታ ለመቆጠብ የሚጨመቅ የፎቶ ፋይል) ሲሆን፣ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አንድ ጊዜ፣ ስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ የነካካሁት፣ በየጊዜውም እንደገና የተጨመቀ ነበር። ጄፔግ በእያንዳንዱ የቀለም ቻነል (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ) 256 እርከን ብቻ ይይዛል። ሰማዬ ከእነዚህ ውስጥ 40 ያህሉን ብቻ ቢጠቀም፣ በወረቀት ላይም 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢይዝ፣ እያንዳንዱ እርከን አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መቀነት ይሆናል ማለት ነው። ኮንትራስት በጨመርሁ ቁጥር ደግሞ እርከኖቹ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ እንጂ አይበዙም። በአሮጌው ኅትመት ላይ ያየኋቸው ደረጃዎች ከየት እንደመጡ የገባኝ ያኔ ነው። ካሜራዬ የሚያስቀምጠው ሮው ፋይል (ገና ያልተስተካከለው ጥሬ ፋይል) ግን 14 ቢት፣ ማለትም 16,384 እርከን ያለው ስለሆነ፣ ወደ እሱ ተመልሼ ኤዲቱን ከመነሻው በ16 ቢት እንድሠራውና በቲፍ (ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። ማተሚያው በመጨረሻ የሚቀበለው 8 ቢት ቢሆን እንኳ ጉዳቱ የሚደርሰው ቀለሙን በምንጎትትበት ሰዓት ነውና፣ እስከዚያ ድረስ ሰፊውን ይዞ መቆየት ይበጃል አሉኝ።

ከመውጣቴ በፊት ላፕቶፔን ከፍተው በመለኪያ መሣሪያ ሲለኩት የስክሪኑ ብርሃን ከ300 ካንዴላ በካሬ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። ለኅትመት ሥራ የሚመከረው ከ80 እስከ 120 ያለው ነው። ስክሪን ራሱ ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀት ግን የሚያርፍበትን ብርሃን ከመመለስ በቀር ሌላ አቅም የለውም፤ እኔም ሸለቆውን በዚያ ሁሉ ብርሃን እያየሁ «በቂ ነው» ብዬ ስለማጨልመው፣ የታተመው ጨለማ ብቻ መሆኑ አይደንቅም። ስክሪኑን ወደ 100 ካንዴላ ዝቅ አድርገው፣ ነጩን በ6,500 ኬልቪን (የቀን ብርሃን በሚመስል ነጭ) አስተካክለው ሰደዱኝ። ቤት ደርሼ ፎቶግራፉን ስከፍተው በጣም አስቀያሚ ሆኖ ታየኝ፤ ዓመት ሙሉ የኮራሁበት ሥራ ይህ ነው ወይ ብዬ ለጊዜው ኮምፒውተሩን መዝጋቴን አልሸሽግም። ከዚያ በኋላ ግን ጥላውን ቀስ እያልሁ ከፍ ሳደርገው፣ በሸለቆው ውስጥ መኖሯን እንኳ የማላውቃት ቀጭን የእግር መንገድ ብቅ አለች።

ሁለተኛውን ፋይል ወስጄ ስሰጣቸው በ100 ከመቶ አጉልተው ከግራ ጥግ ጀምረው እንደሚያርስ ሰው እየተመላለሱ አዩት። ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው በሰማዩ ላይ የተበተኑ የሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) አቧራ ነጠብጣቦች ናቸው፤ ፎቶውን ያነሣሁት የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16፣ ማለትም በጣም አጥብቤ ስለነበር አቧራው ጎልቶ ወጥቷል። በስክሪን ላይ ከቁም ነገር የማይቈጠር የ20 ፒክስል ነጠብጣብ በወረቀቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር እንደሚሆን አስልተው ሲነግሩኝ ነው የደነገጥሁት። ሁለተኛው ደግሞ ሻርፕ ሳደርግ (ጠርዞቹን ሳጎላ) እጄ ስለበዛ በተራሮቹ ጫፍ ላይ የተሰፋ የመሰለ ነጭ ክር መታየቱ ነው። «ይህን አንተ ራስህ አጽዳው፤ እኔ ባጸዳው የትኛው ወፍ፣ የትኛው አቧራ እንደሆነ አላውቅም» ብለው መለሱልኝ። ሻርፕ የማድረጉንም ሥራ ለመጨረሻ እንድተወው፣ እሱም በኅትመቱ መጠንና በወረቀቱ ዓይነት ልክ እንጂ በስክሪን እይታ እንዳይወሰን መከሩኝ።

በሦስተኛው ጉዞዬ ፋይሉ ተቀባይነት አገኘ፤ ሆኖም ሙሉውን ወዲያው አላተሙም። ጉሙን፣ ሸለቆውንና የሰማዩን ጫፍ የሚያቋርጥ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ከፋይሉ ቆርጠው፣ በሙሉ መጠኑ፣ በሁለት ወረቀት ላይ አተሙልኝ፤ አንዱ ከፊል አንጸባራቂ፣ ሌላው ማት (የማያንጸባርቅ) የጥጥ ወረቀት ነው። ከሁሉ የበለጠ የማመሰግናቸው በዚህ ነው። በአንጸባራቂው ላይ ሸለቆው ጥልቅና ሕይወት ያለው ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ማቱ ጥቁሩን በዚያ ልክ አያጠልቀውም። ጉሙ ግን በማቱ ላይ ጉም ነበር፤ በአንጸባራቂው ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ሁለቱን ቁራጮች ቤት ወስጄ በዚያው ግድግዳ ላይ ሁለት ቀን ለጥፌ፣ ጠዋትና ማታ እንዳያቸው አደረጉኝ። ከፊት ለፊት መስኮት ስላለ አንጸባራቂው ቀን ቀን ሸለቆውን ሳይሆን መስኮቱን ያሳየኝ ጀመር፤ ምርጫውም በዚሁ አበቃ። ከዚያ የማቱን ወረቀትና የማተሚያውን አይሲሲ ፕሮፋይል (ቀለም በዚያ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚገልጽ ፋይል) ሰጥተውኝ፣ በፎቶሾፕ ኅትመቱ ምን እንደሚመስል አስቀድሜ እያየሁ ጥላውን ትንሽ ከፈትሁት። ሙሉው ኅትመት በወጣ ጊዜ የሚያስገርም ነገር አልነበረውም፤ ያየሁት ቀድሞ የጠበቅሁትን ነበርና።

ስለ ፍሬሙ አጠር አድርጌ ልናገር። ኅትመቱ ቀለሙ እንዲደርቅና የቀረው እርጥበት እንዲወጣለት ከአንድ ቀን በላይ ተዘርግቶ ቆየ፤ ይህ ካልተደረገ እርጥበቱ በኋላ መስታወቱን ከውስጥ በኩል ያደበዝዘዋል። በፎቶውና በፍሬሙ መካከል የሚገባው ካርቶን፣ ፓስፓርቱ የሚባለው፣ ከአሲድ የጸዳ ሲሆን በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ስለያዘ ጠቅላላው መጠን 140 በ100 ሆነ። ኅትመቱን በአራቱም ጎን አልለጠፉትም፤ ከላይኛው ጠርዝ ብቻ በጃፓን ወረቀት ቁራጮችና በስንዴ ስታርች ሙጫ አንጠለጠሉት። ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ዙሪያውን የታሰረ እንደሆነ ይሸበሸባል። ከፊት ለሚሸፍነው እኔ ከአክሪሊክ (መስታወት ከሚመስል ፕላስቲክ) ይልቅ መስታወት መርጬ ነበር። በዚህ መጠን 3 ሚሊ ሜትር መስታወት ብቻውን 10 ኪሎ ተኩል፣ አክሪሊኩ ግን 5 ኪሎ ያህል እንደሚመዝን ሲነግሩኝ ሐሳቤን ቀየርሁ። አክሪሊክ ቶሎ ይጫራል፣ አቧራም ይስባል፤ አሞኒያ ባለበት የመስታወት ማጽጃም እንዳልነካው አጥብቀው አስጠንቅቀውኛል።

ያልተስማማንበት ነገርም አለ። የፓስፓርቱ ስፋት ለእኔ ዓይን አሁንም ትንሽ በዝቷል፤ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እመርጥ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ሰፊ ሰማይ ያለው ፎቶ ሰፊ ዳር ይፈልጋል ባይ ናቸው። ሥራውም ከጅምሩ እስከ ርክክቡ አምስት ሳምንት ፈጅቷል። ለድግስ ወይም ለቀጠሮ የሚደርስ ስጦታ የቸኮላችሁ ሰዎች ወደ እሳቸው ባትሄዱ ይሻላል፤ «ዝም ብለህ አትምልኝ» የሚል ደንበኛም ራሱንም እሳቸውንም ከማድከም በቀር አያተርፍም። ፎቶግራፉ ለዓመታት ግድግዳ ላይ እንዲቆይ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከእሳቸው የተሻለ ሰው አላውቅም።

የምትሄዱ ሰዎች የካሜራችሁን ሮው ፋይል፣ የግድግዳውን ልክ፣ ቆማችሁ የምታዩበትን ርቀትና መስኮቱ ጭምር የሚታይበት የክፍሉን ፎቶ ይዛችሁ ብትሄዱ አንድ ሙሉ ምልልስ ትቆጥባላችሁ። አድራሻቸውን በውስጥ መልእክት ለጠየቀኝ ሁሉ፣ በእሳቸው ፈቃድ፣ እሰጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ደውሉላቸው፤ ጠዋት ማተሚያው እየሠራ ከሆነ ከአጠገቡ ተነሥተው ስልክ አያነሡም።