ከስታዲየሙ አጥር ሥር ያለችው የአየር ሽጉጥ

ሰዓት ሠሪ ነኝ። እሑድ ሱቄን ስለማልከፍት ከሰዓት በኋላ በእግሬ ወደ ጅማ ስታዲየም ወረድ እላለሁ። አጥሩ ሥር ዒላማ የሚያስተኩስ ልጅ አለ። ድሮ የነበረችው ሰደፏ በሽቦ የታሰረ አሮጌ የአየር ጠመንጃ ብቻ ነበረች፤ ከጥምቀት ወዲህ አንዲት የአየር ሽጉጥ ጨምሯል። አምስት ጥይት በ50 ብር። ስድስት እሑድ ተመላልሼ ስለተኮስኩ ብናገር አይፈረድብኝም።

ሽጉጧ በርሜሏን ሰበር አድርገው የሚያጎርሷት ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት። ዒላማው ስምንት እርምጃ ይርቃል። የመጀመሪያው ቀን አምስቱም ጥይቶቼ ከመሐሉ ሦስት ጣት ያህል ወደ ግራ ስተው አረፉ። አጠገቤ የቆመ የባጃጅ ሾፌር «ፋዘር፣ ይቺ ጠማማ ናት፣ ብርዎን አይጨርሱ» አለኝ። ወረቀቱን ቀርቤ ሳየው ግን አምስቱም ቀዳዳ በአንድ ሲኒ አፍ ይከደናል። እኔ እንዲያውም ደስ አለኝ። በየቀኑ እኩል አምስት ደቂቃ የሚዘገይ ሰዓት ቢያመጡልኝ ነካ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ዛሬ ቀድሞ ነገ የሚዘገየው ነው። ልጁን የኋላ ማነጣጠሪያዋን ትንሽ ወደ ቀኝ እንዲገፋት ነገርኩት። በሦስተኛው እሑድ ጥቁሩን መሐል መምታት ጀመርኩ። ጠመንጃዋ ግን አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች ናት፤ እሷን ተዉአት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ ዘንድ ሄጄ የእውነተኛዋን ባለ ሃያ ሁለት ሽጉጥ ተኩሻለሁ፤ ሩገር ማርክ 4 ነበረች። የጥይቷ ውፍረት 5.6 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሷ 2.6 ግራም ገደማ ነው። መጀመሪያ ባለ 9 ሚሊ ሜትሩን ሰጠኝና እጄ ገና ምላጩን ሳይስብ ይደነግጥ ነበር፤ አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ታች። ትንሿ ስለማትራገጥ ዓይን አይጨፈንም፤ ጥፋቱም የማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ያን ቀን መቶ ጥይት ጨርሼ እጄ አልደከመም። የጅማዋ ይህን ደስታ ከሞላ ጎደል ትሰጣለች፤ ድምፅዋ ብቻ የቡሽ መክደኛ ሲነቀል ነው የሚመስለው።

ምላጯ ግን ከባድ ነው። በኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ሴኡል ጀምሮ ባለው የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር፣ ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ከግማሽ ኪሎ እንዳያንስ ነው ሕጉ። ተኳሾቹም በአንድ እጅ፣ ያለ ድጋፍ፣ ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር የሆነች ባለ አስር ነጥብ ክብ ይመታሉ፤ ከአንድ የቡና ፍሬ ብዙም አትበልጥም። የልጁን ሽጉጥ ምላጭ ሲስቡ ግን ከጉድጓድ ባልዲ የሚጎትቱ ነው የሚመስልዎት። ቀስ ብለው ካልሳቡ አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄዳል።

የምቆጣበት ሌላ ነው። አንደኛ፣ አጉርሶ ሲያቀብል አፈሙዙን በተሰበሰበው ሕፃን ላይ ያዞራል። ሁለት ጊዜ ተቆጣሁት፤ አሁን ወደ መሬት ይይዛል። ሁለተኛ፣ ጥይቶቹን ልብስ ሰፊ መርፌ እንደሚይዘው በከንፈሩ ይይዛል። እርሳስ እኮ ነው፤ መርዝ ነው! የተረፈውን ደግሞ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ይከታል። ወገበ ቀጭኗ ጥይት ቀሚሷ፣ ማለትም ሰፋ ያለው የኋላ ጠርዟ፣ ከተጨፈለቀ አየር ታሾልካለች፣ ቀጥ ብላም አትሄድም። ሰዎች ሽጉጧ ጠማማ ናት የሚሉት ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ለመሞከር የምትሄዱ ዝናብ ሳይመጣ ሂዱ፤ ከላይ የወጠረው ላስቲክ ያፈሳል። ጥይታችሁን ራሳችሁ መርጣችሁ ያልተጣመመውን ውሰዱ፣ ከዚያ እጃችሁን ሳትታጠቡ ቆሎ አትዝገኑ።

ባለፈው እሑድ የሰዓት ብሎን የምይዝባትን ክዳን ያላት ሳጥን ለጥይቶቹ ብዬ ሰጥቼው ነበር። ዛሬ ስሄድ አምስቱ ጥይት ከንፈሩ ላይ ነው፤ ሳጥኗን የዝርዝር ብር ማስቀመጫ አድርጓታል።