በገና ሰሞን ንባብ ማስጀመር፦ ከፊደል ገበታ ወይስ ከቃላት?

ጎንደር ውስጥ ከገና እስከ ጥምቀት ልጃችሁን ቤት ንባብ ልታስጀምሩ ካሰባችሁ ምርጫው ሁለት ነው።

ገበታው 33 ረድፍ በ7፣ 231 ፊደል ነው። ትልቁ ጥቅሙ ቅርጽ ማሳየቱ ነው፤ አብዛኛው ካዕብ (2ኛው ፊደል) ጎኑ ላይ ጭረት፣ ኃምስ (5ኛው) ከግርጌው ቀለበት አለው። ሳድስ (6ኛው) ግን ወጥ ቅርጽ ስለሌለው ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት። የሚያሰናክለው ዜማው ነው። ልጁ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ይወርደዋል፤ «ሚ»ን ለብቻዋ ስታሳዩት ከ«መ» ካልተነሳ አያውቃትም። መፍትሔው የቆየው አቡጊዳ፣ ማለትም «አ ቡ ጊ ዳ» እያለ ፊደሉን የሚያሰባጥረው ገበታ ነው፤ ተራው ሲሰበር ልጁ በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ መለየት ይጀምራል።

ከቃላት ለመነሳት በ፣ ላ፣ ም፣ ራ፣ ት ይበቃሉ፦ ላም፣ በላ፣ በራ፣ ራት። ያስተማራችሁትን ፊደል ካልመዘገባችሁ ግን እንደ ዥ እና ጰ ያሉት ተዘልለው ይቀራሉ።

ለዚህ ሰሞን ሁለተኛው ይሻላል። እንግዳ በበዛበት ቤት የገበታ ድግግሞሽ ይቋረጣል፤ ለቃላት ግን ጠዋት 15 ደቂቃ ይበቃል። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ስለሚወርዱ ጥር 9 አዲስ ፊደል አታስገቡ፣ የተማረውን ብቻ አስነብቡት። ገበታውን ከቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ጥር 13 ጀምሩ።