ሁለት የራስ ቅሎች፦ የክላስና የስቴንዌይክ ቫኒታስ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሠዓሊዎች ሞትን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ቫኒታስ (በላቲን «ከንቱነት») የሚባለው ይህ የሥዕል ዘርፍ ሐሳቡ የተቀዳው ከመጽሐፈ መክብብ ነው። ከዚህ ዘርፍ የሁለት ሆላንዳውያን ሠዓሊዎችን ሥዕሎች ላነጻጽር።

የሃርመን ስቴንዌይክ ሥዕል ለንደን፣ ናሽናል ጋለሪ ይገኛል። የተሣለው በ1640 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ጠረጴዛው ሙሉ ነው። መጻሕፍቱ እውቀትን፣ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ደስታን ያሳያሉ። የጃፓን ጎራዴውና ትልቁ ዛጎል በመርከብ ከሩቅ የሚመጡ ውድ ዕቃዎች ናቸው፤ ሀብትን ይወክላሉ። የሥዕሉ ግራ ጎን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኩል ብርሃን በሰያፍ ወርዶ የራስ ቅሉ ላይ ያርፋል። ለጀማሪ ተመልካች ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። ግን ዕቃዎቹ በጣም ያምራሉ! ከንቱ ናቸው የተባሉትን ነገሮች ያስመኛል።

የፒተር ክላስ ሥዕል በ1628 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ አሁን ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው ያለው። ትንሽዬ ናት፣ ቁመቷ 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ጥርሱ የጎደለ የራስ ቅል፣ የተደፋ ብርጭቆ፣ የላባ ብዕር። ቀለሙ ወደ ቡናማና ግራጫ ያደላል። የኩራዙ ክር እየከሰመ ነው። ስቴንዌይክ ሞትን ያስረዳናል፤ ክላስ ግን ሲመጣ ያሳየናል። ብዕሩን ሳይ ጽሑፉን ሳይጨርስ የሄደ ሰው ይታየኛል።

እኔ የክላስን እመርጣለሁ። ጎራዴና ዛጎል ስለሌለበት፣ ሀብት የሌለውም ሰው ራሱን ያገኝበታል።